የአርባ ቀን ማስተርስ

ሲስተር ያኔት የመመረቂያ ጽሑፏን የፈረመችው በሠላሳ አራተኛው ቀን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ የአልጋ ሰባትን ታካሚ ቁስል እያጠበች ነው። የቀኝ እጇን ጓንት አወለቀች፣ አውራ ጣቷን ግድግዳው ላይ ያለው ሰሌዳ ላይ አሳረፈች፣ ሰሌዳው አረንጓዴ በራ፣ አዲስ ጓንት አጠለቀችና ወደ ቁስሉ ተመለሰች። ጽሑፉ መቶ አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። ለማንበብ የተሰጣት ዘጠኝ ደቂቃ ነው። ከዘጠኙ ስድስቱን ሰውዬው ሲያስመልሰው ሳህን ይዛለት አሳለፈችው።

«ተቀብያለሁ» አላት የኔታ። «ቀጣዩን እንያዝ። የጤና ተቋም በጀት ሦስት ምሰሶዎች ምን ምን ናቸው?»

ሦስቱን ምሰሶዎች እየጠራች ቁስሉን ሸፈነች።

የኔታ ጆሮዋ ውስጥ የተሰካው የማስተማሪያ ማሽን ድምፅ ነው። በወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ማንም አያስታውሰውም። «የኔታ» ብለው ያወጡለት ነርሶቹ ናቸው፤ ሳይታክት እያስቀጸለ ስለሚያስተምርና ዝም የሚል ተማሪ ስለማይወድ። ከዘጠኝ ሰከንድ በላይ ዝም ማለት ቀሪ ያስቆጥራል። በቀን ሦስት ቀሪ ቀኑን ይሰርዛል። ሦስት ቀን የተሰረዘባት ከአንድ ትጀምራለች። ትምህርቱ ሥራ አያስፈታም፤ ሥራውም ትምህርት አያስፈታም። የጨፌ ማዶ ሆስፒታል የወንዶች ክፍል ውስጥ ያሉት ስድስት ነርሶች ከጠዋት እስከ ማታ እያጠቡ፣ እየወጉ፣ እያገላበጡ ለየኔታ ይመልሳሉ። ከውጭ ለሚሰማው ክፍሉ ማኅበር ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል።

ታካሚዎች መጀመሪያ ላይ ለእነርሱ የተነገረ እየመሰላቸው ይደናገሩ ነበር። አንድ አዛውንት መርፌው አመመኝ ሲሉ ሲስተር ሀሴት «ሦስተኛው የአመራር ዘይቤ አሳታፊ ነው» ብላ መለሰችላቸው፤ ሰውዬው ነገሩን ሁለት ቀን ሲያስቡት ከረሙ። በኋላ ለመዱ። በአንድ መልስና በሚቀጥለው ጥያቄ መካከል አራት ሰከንድ ክፍተት እንዳለ ደረሱበት። የሚፈልጉት ነገር ሲኖር ጣታቸውን አንስተው ያንን ክፍተት ይጠብቃሉ። «ሽንት»፣ «ውሃ»፣ «እዚህ ጋ» ይላሉ። ሕመሙን በአራት ሰከንድ መናገር የማይሆንለት ታካሚ ተቸገረ።

ሕጉ የወጣው ካቻምና ነው። ከኅዳር 1 ቀን 2062 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ዲግሪ የሌለው ነርስ ታካሚ መንካት አይችልም፤ የእጅ ፈቃዱ ይዘጋል። ረጅም ዓመት ለሠሩ ነርሶች ግን ፈጣን መንገድ ተዘረጋ፤ ሁለት ዓመቱ በአርባ ቀን። የበሩ ጥበቃ ይቀልድባቸዋል፤ ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል፣ ነርስ በአርባ ቀኗ ማስተርስ ትነሳለች እያለ። የሚፈቀደው ሁለት ሙከራ ነው። ያኔት የመጀመሪያውን ያጣችው ግንቦት ላይ፣ በሃያ ስድስተኛው ቀኗ ነው። የአባቷ ሬሳ ወደ ጉድጓድ ሲወርድ ከዘጠኝ ሰከንድ በላይ ዝም አለች። ሦስት ጊዜ። እርሱን ስታስታምም ሁለት ቀን ቀድሞ ተሰርዞባት ስለነበር መዝገቡ ሦስት ሞላ።

አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሃያ አራቱን እዚህ ክፍል ውስጥ አሳልፋለች። ከእጇ ሌላ የምታውቀው እንጀራ የላትም። ይህኛው ሙከራ ከወደቀ እጇ ይዘጋል፤ አለቀ።

ለዚህ ነው ሳታነብ የፈረመችው። ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ርዕሱን ወዳው ነበር።

ርዕሱን የመረጠላት የኔታ ነው፣ በሃያ ስምንተኛው ቀን። ስለ ቋጠሮው ነበር።

ያኔት ሥራ ስትጀምር ርክክብ በአፍ ነበር። ወጪዋ ተረኛ ከገቢዋ ጋር ከአልጋ አልጋ ትዞራለች፤ ትኩሳቱን፣ ግፊቱን፣ መድኃኒቱን ትቆጥርላታለች። አንዳንዱ አልጋ ላይ ሲደርሱ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ፊቱ አላማረኝም» ትላለች። ይኸው ነው። ቁጥሩ ሁሉ ደህና ነው፣ ግን ፊቱ አላማረኝም። ገቢዋ ለምን ብላ አትጠይቅም። ከዚያ አልጋ ትጀምራለች።

ዛሬ ቁጥሩን አልጋው ራሱ ይናገራል። የሁለቱም ተረኞች አፍ በየኔታ ተይዟል። ስለዚህ አንዷ፣ ማን እንደሆነች አይታወቅም፣ አንድ ቀን ጎዝ የሚሏትን የቁስል ጨርቅ ጣት የምታህል ቁራጭ ከአልጋው እግርጌ ብረት ላይ ቋጥራ ሄደች። የሚቀጥለው ፈረቃ ገባው። ከዚያ በኋላ ሁሉም አሰሩ። ቋጠሮ ያለበት አልጋ መጀመሪያ ይታያል፣ ደጋግሞ ይታያል፣ ሰውዬው ይገላበጣል፣ በማንኪያም ቢሆን ይጎርሳል። የትም አልተጻፈም። አስታማሚዎችም ደረሱበት። አንዲት ሴትዮ ከነጠላዋ ጫፍ ቀዳ የባሏ አልጋ ላይ በድብቅ አሰረች፤ ነርሶቹ አይተው ሳቁና ለአንድ ቀን ተዉላት።

የኔታም በክፍሉ ካሜራ ሲያይ ከርሟል። ሦስት ቀን ሙሉ ስለዚህ ጠየቃት፤ እርሷም እየሄደች፣ እየወጋች፣ አንሶላ እየጎተተች ነገረችው። አንሶላውን በጣቱ የሚለቅመውን ሰው ነገረችው። ምግቡን ግማሽ በልቶ ሳህኑን ወደ ግድግዳ የሚያዞረውን ነገረችው። ሲሳደብ ከርሞ ድንገት ጨዋ የሚሆነውን ታካሚ ነገረችው፤ ከሁሉም የሚያስፈራው እርሱ ነው አለች። በሃያ አራት ዓመት የለቀመችውን በሦስት ቀን ዘርግፋ ሰጠችው፤ መቶ አሥራ ሁለቱን ገጽ የጻፈው እርሱ ነው። ደስ ብሏት ነበር። እነርሱ የሚያውቁት ነገር መጻፍ አለበት ብሎ የጠየቃት አንድም ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም።

በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ጠዋት ጋሽ ሮቤል ጨዋ ሆኑ።

ጋሽ ሮቤል የአልጋ አሥራ አንድ ታካሚ ናቸው። ሰባ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከተጠገነ ስድስተኛ ቀናቸው። በወጣትነታቸው ያቺን ባለ ሦስት እግር፣ ባጃጅ የሚሏትን ይነዱ ነበርና ሙያቸውን አልረሱም። ያኔትን ባዩዋት ቁጥር ይዘልፏታል፤ እኔ መሪ ይዤ፣ ጉድጓድ እያመለጥኩ፣ ከትራፊክ እየተደበቅኩ ተሳፋሪ ሲያወራኝ እመልስ ነበር፣ አንቺ ቆመሽ አትመልሺም ይሏታል። ያን ቀን ግን ቁርሳቸውን ስታቀርብ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አስቸገርኩሽ» አሉ። ግፊታቸው ደህና ነበር። ትኩሳት የላቸውም። ያኔት ስለ ናሙና አወሳሰድ እየመለሰች ከኪሷ ጎዝ አወጣችና እግርጌያቸው ላይ ቋጠረች። አሰብኩበት ማለት አትችልም። እጇ ነው የቋጠረው።

በማግስቱ ስትገባ አልጋ አሥራ አንድ ባዶ ነው፤ ፍራሹ ታጥቦ ቆሟል። ባዶ አልጋ ስታይ ሰው እንደ ሞተ የምታስብ ሴት ናትና መጀመሪያ ያሰበችው ይህንኑ ነበር። ከዚያ አልጋ አራትን አየች። ባዶ። አልጋ አሥራ ስድስት። ባዶ። አልጋ ዘጠኝ ላይ አንዲት ወጣት አስታማሚ ጎንበስ ብላ የአባቷን ቋጠሮ በጥርሷ ለመፍታት ትታገላለች። ያኔትን ስታይ ደንግጣ ቀና አለች፤ ጎዙን በጡጫዋ ውስጥ ደበቀችው።

አንድ አዲስ መመሪያ የክፍሉ በር ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ይሠራል ይላል። ቋጠሮ የተደረገላቸው ታካሚዎች ከሌሎቹ ይልቅ ሦስት እጥፍ ተኩል የነርስ ሰዓት ይወስዳሉ። ከመቶው አርባ አንዱ ይህም ሆኖ አይተርፉም። ስለዚህ ቋጠሮ የታየበት ታካሚ በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ ማረፊያ ክፍል ይዛወራል፤ የተረፈው የነርስ ሰዓት ተስፋ ላላቸው ይውላል። ከሥር፣ በወፍራሙ፣ «በሲስተር ያኔት ጥናት መሠረት» ተብሎ ተጽፏል።

ሲስተር ሀሴት የመድኃኒት ጋሪዋን እየገፋች አጠገቧ ቆመች። አሥራ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ የሀሴትን ሁለት ልጆች ያዋለደች ያኔት ናት። ሀሴት ለየኔታ የምትመልሰውን ጨርሳ አራቱን ሰከንድ ጠበቀች።

«እንኳን ደስ ያለሽ» አለቻት። «ትናንት ሁለት ሰው አስሬ ነበር።»

ጋሪዋን ገፍታ ሄደች።

ማረፊያ ክፍል የሚባለው ከግቢው ጀርባ፣ ድሮ ልብስ ማጠቢያ የነበረው ቤት ነው። ያኔት በምሳ ሰዓቷ ሄደች። አሥራ ስምንት አልጋ አለው። በሩ ላይ አንድ ተቆጣጣሪ ተቀምጧል፤ የእጅ ፈቃድ ስለሌለው አይነካም፣ ስም ይመዘግባል። ለእያንዳንዱ አልጋ አንድ ኩባያ ውሃ በርጩማ ላይ ተቀምጧል። በርጩማው ለጽዳት እንዲመች ከአልጋው አንድ ክንድ ራቅ ብሏል።

ጋሽ ሮቤል ትናንት እንዳስተኟቸው ናቸው። ያኔት ቀና አድርጋ አጠጣቻቸው፤ ኩባያውን ጨረሱት፣ የጎረቤታቸውንም ጨረሱት። ከዚያ በጎን አዞረቻቸው። የግራ ተረከዛቸው ቀልቷል፤ በጣቷ ስትጫነው ቅላቱ አልጠፋም። በሷ ክፍል በየሁለት ሰዓቱ የሚገላበጥ ሰው ሃያ አንድ ሰዓት በአንድ ጎን ተኝቷል።

ሰውዬው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ተመለከቷት።

«ያሰርሽው አንቺ ነሽ አይደል?»

«እኔ ነኝ።»

«አዋጁ ሲነበብ ሁሉም አስታማሚ እየተሯሯጠ ቆረጠ። የኔ ልጅ እሑድ ነው የምትመጣው። ልፈታው እጄን ሰደድኩ፣ እግሬ ጋ ነው፣ አይደርስም። ያችን ጠራሁ፣ ይችን ጠራሁ። ሁሉም ትምህርት ላይ ናችሁ። አራት ሰከንድ አልበቃኝም። ምን አድርጌሽ ነው?»

የኔታ ስለ ሀብት ክፍፍል ፍትሐዊነት ጠይቋት መልስ እየጠበቀ ነበር። ያኔት ተወችው።

«ፊትዎ አላማረኝም ነበር» አለች።

«እና ፊቴ ካላማረሽ ታስወጪኛለሽ?»

«አንድ ቀሪ» አለ የኔታ።

ያኔት ተረከዛቸው ስር ፎጣ ጠቅልላ አደረገች፣ የአሥራ ስምንቱንም በርጩማ ወደ አልጋው አስጠጋችና ወጣች። ተቆጣጣሪው በርጩማዎቹን ወደ ቦታቸው ሲመልስ የሚያሰማው ድምፅ ከኋላዋ ተከተላት።

የፈጣን መንገዱ አስተባባሪ ዶክተር ባሮክ ይባላል። ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ዶክትሬቱን የሠራው በሰባ ቀን ነው። ጨዋ ሰው ነው፤ ስትገባ ከወንበሩ ተነሳ፣ ውሃ ቀዳላት፣ የኔታዋንም ለሩብ ሰዓት ራሱ አስቆመላት። ጥናቷን አደነቀላት። በሳምንት ስልሳ አንድ የነርስ ሰዓት ማትረፉን፣ ሌሎች ሆስፒታሎችም ሊጠቀሙበት መጠየቃቸውን ነገራት።

ያኔት ብዙ መናገር አታውቅም። ቢሆንም ነገረችው። ቋጠሮ ማለት እዚህ ጋ በደንብ እዩ ማለት ነው አለችው፤ ከመቶው ሃምሳ ዘጠኙ የተረፉት ስለታዩ ነው፤ የወሰዱት ሰዓት ያተረፋቸው ሰዓት ነው።

ዶክተር ባሮክ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። «ትክክል ነዎት። ገጽ ሰባ አራት ላይ ተጠቅሷል። የጥናቱ ውሱንነት በሚለው ሥር» አለ። ከዚያ በእውነተኛ መገረም ቀና ብሎ አያት። «አላነበቡትም?»

ያኔት የውሃውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ፈርመዋል ግን።»

ጽሑፉን ልታነሳው ትችል እንደሆነ ጠየቀችው። ትምህርቷን ማቋረጥ መብቷ እንደሆነ፣ ጽሑፉ ግን ከፈረመችበት ደቂቃ ጀምሮ የፈጣን መንገዱ ንብረት እንደሆነ፣ እርሷ ብትሄድም እንደሚቀር በትህትና አስረዳት። የተለየ ሐሳብ ካላት በዶክትሬቱ መንገድ ብታቀርበው ደስ ይለዋል። ለነርሶች ወደ ስልሳ ቀን ሊያወርዱት ነው። በሩ ድረስ ሸኛት።

ኮሪደሩ ላይ የኔታ ወደ ጆሮዋ ተመለሰ። ያኔት እየመለሰችለት ሄደች፤ ድምጿ አልተለወጠም። የአልጋ ሁለትን ደም ሥር ግን ያገኘችው በሦስተኛው ሙከራ ነው። በሃያ አራት ዓመት እንዲህ ደርሶባት አያውቅም።

በሠላሳ ስምንተኛው ቀን የኔታ ከምዕራፉ መጨረሻ ደርሶ ጥያቄ ካላት እንድትጠይቅ ጋበዛት። ሁልጊዜ ይጋብዛል፤ ማንም ጠይቆ አያውቅም፤ ጊዜ ያባክናል። ያኔት የአንድ ወጣት ሽንት ከረጢት እየደፋች ጠየቀችው።

«የአንድ ጥናት መረጃ ሐሰት ሆኖ ቢገኝስ?»

የኔታ ደስ አለው። መልሱን ዘረዘረላት። ጥናቱ ይሰረዛል፤ በእርሱ ላይ የቆመ መመሪያ በዚያው ቀን ይቆማል፤ በመመሪያው የተዛወረ ሁሉ ወደ ነበረበት ይመለሳል። አጥኚዋ የእጅ ፈቃዷን ለዘለቄታው ታጣለች። በዚያው ክፍል የሚማሩ ነርሶች በሙሉ ከአንደኛው ቀን ይጀምራሉ።

«ግሩም ጥያቄ ነው» አላት። «ሁለት ነጥብ ጨምሬልሻለሁ።»

ያኔት ከረጢቱን አጠበች። አምስት ነርሶች። ያኔት አርባኛ ቀኗ ላይ ስትደርስ ሀሴት ሃያ አራተኛዋ ላይ ትሆናለች። በዚያ ቀን፣ መስከረም ሃያ፣ ወደ አንድ ብትመለስ፣ ቀን ሳታጠፋ ብትሄድ፣ ጥቅምት ሠላሳ ላይ ትጨርሳለች። ለሕጉ አንድ ቀን ሲቀረው። አንድ ልጅ እንኳ ቢታመምባት አይበቃትም። ልታስጠነቅቃት አትችልም፤ የምትለውን ሁሉ የኔታ ይሰማል። በዚያ ቀንና በማግስቱ ማረፊያ ክፍል ሄዳ በርጩማዎቹን አስጠጋች፤ ጋሽ ሮቤልን ገለበጠች። በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን ከአሥራ ስምንቱ ሁለቱ አልነበሩም። ተቆጣጣሪው ስማቸውን በቀይ አስምሮበታል።

ጽሑፏን የምትከላከልበት የቃል ፈተና በአርባኛው ቀኗ፣ መስከረም ሃያ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነ፤ አልጋ ትቶ መሄድ ስለማይቻል። ዶክተር ባሮክ ክራባት አድርጎ መጣ። ሁለት ፈታኞች፣ አንድ ሽማግሌና አንዲት ሴት፣ ከግድግዳው ሰሌዳ ላይ ሆነው ይመለከታሉ። ያኔት በአልጋ አሥርና በባዶው አልጋ አሥራ አንድ መካከል ቆመች። አምስቱ ነርሶች ሥራቸውን አላቆሙም፤ ማጉረምረማቸውም አልቆመም።

ሴትየዋ መረጃው ከየት እንደተገኘ እንድታስረዳ ጠየቀቻት። ቀላሉን ጥያቄ ነበር ያስቀደመችላት።

«መረጃው ሐሰት ነው» አለች ያኔት። «ቋጠሮዎቹን ለጥናቱ ብዬ ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ታካሚ አይቼ አይደለም። በየሦስተኛው አልጋ አሰርኩ።»

ዶክተር ባሮክ አንድ እርምጃ ተጠጋ። «ሲስተር ያኔት፣ ደክሞዎታል። ከመቀጠልዎ በፊት ያስቡበት።»

«ስንት ሰከንድ?» አለችው።

ሽማግሌው ፈታኝ መነጽራቸውን አስተካከሉ። ቋጠሮ በዚህ ክፍል ከአሥራ አራት ወር በፊት ጀምሮ መታየቱን መዝገቡ እንደሚያሳይ፣ ያን ጊዜ ጥናት እንዳልነበረ ተናገሩ። ያኔት ይህን አስባበት ነበር። የድሮዎቹ ቋጠሮዎች አንሶላው የተቀየረለትን አልጋ ለመለየት ናቸው አለች፤ ለጥናት እንዲሆናት ትርጉም የፈጠረችላቸው እርሷ ናት። ሽማግሌው ሌላ ሰው እንዲጠየቅ አዘዙ። ዶክተር ባሮክ ዞር ሲል የቀረበችው ሀሴት ነበረች። የሀሴትን የኔታ አስቆመው።

«ሲስተር ሀሴት፣ ይህ ቋጠሮ በእናንተ ዘንድ ምንድን ነው?»

ክፍሉ ውስጥ ያለ ታካሚ ሁሉ ያውቃል። አስታማሚው ያውቃል። የጽዳት ሠራተኛው ያውቃል። ሀሴት የያዘችውን መርፌ ትሪው ላይ አስቀመጠች። እውነቱን ከተናገረች ሃያ አራት ቀኗ በእጇ ነው። ያኔትን አላየቻትም። ያየችው ባዶውን አልጋ አራት ነው፤ እዚያ የነበረውን ያሰረችው እርሷ ናት። አንድ፣ ሁለት ተብሎ የሚቆጠር ጊዜ አለፈ፤ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት።

«የአንሶላ ነው» አለች ሀሴት። «የተቀየረለትን ለማወቅ ነው የምናስረው። ሌላ ነገር የለውም።»

ከበስተጀርባ አንዷ ነርስ «አዎ፣ የአንሶላ ነው» አለች፤ ማንም ሳይጠይቃት።

ዶክተር ባሮክ ከሰሌዳው ጋር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተነጋገረ። ቁጥሮቹ በአጋጣሚ እንዲህ ሊገጥሙ አይችሉም ሲል ያኔት ሰማችው። ሴትየዋ ፈታኝ ይህን ለማጣራት ስድስት ወር እንደሚያስፈልግ፣ በፈጣን መንገዱ ደንብ ደግሞ ጥፋትን ማመን ብቻውን በቂ ማስረጃ እንደሆነ አስታወሰችው። ክርክር ጊዜ ይወስዳል። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ጥናቱ ተሰረዘ። አመስግነው ተለያዩ፤ ዶክተር ባሮክ እንደ ልማዱ እጇን ሊጨብጥ ዘረጋና መለሰ።

በያኔት ጆሮ ውስጥ የኔታ የእጅ ፈቃዷ መዘጋቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነግሯት ጠፋ። ከጆሮዋ አውጥታ ትሪው ላይ አኖረችው።

ልብሷን ቀይራ ስትመለስ ሀሴት መቀስ ይዛ ከአልጋ አልጋ ትዞራለች። ባዶዎቹ አልጋዎች ላይ የቀሩትን ቋጠሮዎች ሁሉ በግልጽ፣ ሰው እያየ፣ እየቆረጠች ወደ ቆሻሻው ትጥላለች። ከእንግዲህ ማንም አያስርም፤ ሌላ ነገር መፈለግ ይኖርባቸዋል። የኔታዋ ከአንደኛው ቀን፣ ከአንደኛው ጥያቄ ጀምሯታል። ያኔት አጠገቧ ስትደርስ ሀሴት የነርስ ሙያን ትርጉም እየመለሰች ነበር። ጨረሰችና አራቱን ሰከንድ ተጠቀመችባቸው።

«ለታካሚዎቹ ብዬ ነው። ላንቺ አይደለም። ቤቴ እንዳትመጪ።»

ያኔት እሺ አለች። የምትጨምረው ነገር ነበራት፤ ሀሴት ግን ወደ ሁለተኛው ጥያቄ አልፋለች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁለት ታካሚ አመላላሽ ፖርተሮች ጋሽ ሮቤልን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘው ገቡ። ከማረፊያ ክፍል የሚመለሱት አሥራ ሦስት ናቸው፣ የቀሩት አምስቱ ስም በቀይ ተሰምሮበታል፤ እርሳቸው አራተኛ ናቸው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ዓይናቸው ግን ክፍሉን ዞሮ ዞሮ ያኔትን አገኛት። ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ በራሷ ቀሚስ፣ ግድግዳው አጠገብ ቆማለች። መሄድ ነበረባት። የእጅ ፈቃዷ ከተዘጋ ሁለት ሰዓት ሆኖታል፤ ፈቃድ የሌለው እጅ ታካሚ ሲነካ አልጋው ይጮኻል፣ ጥበቃ ይመጣል።

ፖርተሮቹ ቸኩለዋል፤ የሚመልሷቸው ገና ዘጠኝ ሰዎች አሉ። አንደኛው በብብታቸው ያዘ፣ ሌላው በቁርጭምጭሚታቸው።

«እንደሱ አይደለም» አለች ያኔት ከቆመችበት። «ዳሌያቸው የተጠገነ ነው። አንድ እጅ ከጉልበት በታች፣ አንድ እጅ ከወገብ ስር። አንሶላውን ተጠቀሙ።»

አንደኛው ፖርተር ነርስ መሆኗን ስለሚያውቅ ለመታዘዝ ሞከረ። ሌላው የኛ የእጅ ፈቃድ ለማንሳት ብቻ ነው አለና ብድግ አደረገ። የጋሽ ሮቤል የታመመው እግር በሁለቱ አልጋዎች መካከል ተንጠለጠለ። አልጮሁም። ጥርሳቸውን ነክሰው ያኔትን አዩ።

ቦርሳዋ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቀኝ እጇ ከጉልበታቸው በታች ገባ፣ ግራዋ ተረከዛቸውን አቀፈ።

አልጋው ጮኸ። ጩኸቱ ስለታም ነው፣ ጆሮ ይበሳል፤ ታካሚዎች ፊታቸውን አዞሩ፣ ፖርተሮቹ ከድንጋጤ ባሉበት ቆሙ፣ የነርሶቹ ማጉረምረም ለመጀመሪያ ጊዜ ጸጥ አለ። ያኔት ከጩኸቱ በላይ ድምጿን ከፍ አድርጋ «አሁን፣ አብረን፣ ወደኔ» አለች። ፖርተሮቹ ታዘዙ። ሰውዬው ቀስ ብለው በአልጋ አሥራ አንድ ላይ አረፉ። እግራቸውን አስተካከለች፤ ተረከዛቸውን ገልብጣ አየች፤ ቅላቱ ጠቁሯል፣ ቆዳው ውሃ ቋጥሯል። ከአራት ቀን በፊት ምንም አልነበረም።

«ጻፊው» አለች ወደ ሀሴት ሳትዞር። «የግራ ተረከዝ። ሰዓቱንም ጻፊ። ከየት እንደመጣ ጻፊ።»

ሀሴት ጥያቄዋን ሳትመልስ ቆማ ነበር። ብዕር አወጣችና ወረቀት አጥታ ክንዷ ላይ ጻፈች።

ሁለት ጥበቃዎች በሩ ላይ ደረሱ። አንደኛው ያ ቀልደኛው ነው፤ ያኔትን ሲያይ እርምጃውን አዘገየ። እጇን እንድታነሳ ነገራት። አልጋው እየጮኸ ነበርና ሁለት ጊዜ መናገር ነበረበት።

ያኔት በአንድ እጇ የጋሽ ሮቤልን እግር እንደያዘች በሌላው ትራስ ጎትታ ወደ ራሷ አስጠጋች።

«መጣሁ» አለችው። «ትራሱ ይቀረኛል።»